የመጨረሻ ቀናቸው እንዳይከብድ፦ ሆስፒስ ለገቡ ወላጅ እንዴት ጠበቃ መቆም ይቻላል

ሆስፒስ ማለት በሽታቸው የማይድን ሰዎች በመጨረሻ ጊዜያቸው ስቃያቸው እንዲቀልላቸው የሚደረግላቸው እንክብካቤ ነው። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ርኅሩኆች ናቸው። ግን ፈረቃ ይቀያየራሉ፣ የሚያዩት ሰው ብዙ ነው፣ እናታችሁንም የተዋወቋቸው ገና ትናንት ነው። እናታችሁ ሲያማቸው ዝም የሚሉ ሰው መሆናቸውን፣ አባታችሁም "ደህና ነኝ" የሚሉት ሰው ላለማስቸገር ብለው መሆኑን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ይህንን ለሚያክሟቸው ሰዎች ማቀበል አለባችሁ። "አልተመቻቸውም፣ እባካችሁ አንድ ነገር አድርጉ" ብሎ መለመን ብዙም አያስኬድም። ምን አያችሁ፣ መቼ፣ ምን ተሰጣቸው፣ ምን ለውጥ መጣ፦ እንዲህ ስትናገሩ ነው ነገር የሚንቀሳቀሰው።

መጀመሪያ እሳቸውን ጠይቁ

መናገር ከቻሉ ዛሬውኑ ጠይቋቸው። ከሁሉ የሚጠቅመው ጥያቄ ይሄ ነው፦ "እማዬ፣ ትንሽ ቢያምሽም ነቅተሽ ከእኛ ጋር ብታወሪ ይሻልሻል፣ ወይስ ቢያስተኛሽም ሕመሙ ጭራሽ ቢጠፋልሽ?" መልሱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ልጆች ከሚገምቱትም ይለያል። መልሳቸው ፋይላቸው ላይ እንዲጻፍ አድርጉ።

ከዚያ ከቤተሰቡ አንድ ተናጋሪ ምረጡ። እህት "መድኃኒቱ ይጨመር"፣ ወንድም "ኧረ ይቀነስ" ካሉ ነርሷ ማንን ትስማ? የውክልና ወረቀት የሚያስፈልግበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ወላጃችሁ መፈረም በሚችሉበት ሰዓት ጨርሱት።

ሳይመሽ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሕመም ሌሊት ሊብስ ይችላል፣ ሌሊት ደግሞ ሐኪም አጠገብ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ቀን ላይ ሳላችሁ ይህን ጠይቁ፦ በመድኃኒት ሰዓታት መካከል ሕመሙ ቢነሳ ምን እንሰጣለን? ስንት? ካልተሻላቸው ከስንት ደቂቃ በኋላ መድገም እንችላለን? መዋጥ ቢያቅታቸው መድኃኒቱ በምን መንገድ ይገባል? ሌሊት የምንደውለው ለማን ነው?

መዋጥ አለመቻል ቤተሰብን ሳያስበው የሚይዝ ነገር ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት የማይቀር ነው ማለት ይቻላል። ያኔ በምላስ ሥር ወይም በጉንጭ በኩል የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ከቆዳ ሥር የሚገባ መርፌ፣ ወይም መድኃኒቱን ቀስ እያለ የሚለቅ ትንሽ ፓምፕ አለ። መድኃኒቱ አስቀድሞ ታዝዞ እዚያው መገኘቱን በዓይናችሁ እዩ። ቀስ እያለ እንዲሠራ የተዘጋጀውን የሞርፊን (የጠንካራው ሕመም ማስታገሻ) ክኒን ግን በፍጹም አትፍጩት፤ የአሥራ ሁለት ሰዓቱ መጠን አንዴ ሊለቀቅ ይችላል። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፌንታኒል የሚባለው ሌላው ጠንካራ ማስታገሻም ሥራ ለመጀመር ከ12 እስከ 24 ሰዓት ስለሚፈልግ ለድንገተኛ ሕመም አይሆንም።

መናገር ካቆሙ ሰውነታቸውን አንብቡ

የመርሳት ችግር ላለባቸው ሰዎች የተዘጋጀ ፔይናድ የሚባል መለኪያ አለ፤ አምስት ነገር ያያል፦ አተነፋፈስ፣ ድምፅ፣ ፊት፣ የሰውነት ሁኔታ፣ ሲያባብሏቸው መረጋጋት አለመረጋጋታቸው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጠዋል። ነርሷን እንድታሳያችሁ ጠይቁ።

ደብተር ያዙ። አንድ ሌሊት እንዲህ ሊመስል ይችላል፦ "9፡20 ሲያገላብጧቸው አቃሰቱ፣ ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ አንሶላውን ጨመደዱ። 9፡30 ሞርፊን። 10፡10 ግንባራቸው ተፈታ፣ እጃቸው ለቀቀ።" ይህች መስመር ከረጅም ንግግር ትበልጣለች። መድኃኒቱ እንደሚሠራ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚሠራ፣ ማገላበጥ እንደሚያማቸውም ነገረቻችሁ። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከማገላበጡ አርባ ደቂቃ ያህል በፊት ተጨማሪ መጠን ይሰጣቸው ዘንድ ጠይቁ።

እንዴት ይነገራል

በትሕትና፣ ግን ሳትሸሹ። "ሲስተር፣ አባቴ መድኃኒቱ ከመድረሱ አንድ ሰዓት በፊት ማቃሰት ይጀምራል። ከትናንት ጀምሮ አራት ጊዜ ተጨማሪ ወስዷል። መደበኛው መጠን መስተካከል ያለበት ይመስለኛል፤ ዶክተሩን አሁን ሊደውሉላቸው ይችላሉ?" "እናያለን" ከተባላችሁ "መቼ?" በሉ። ሰዓቱ ካለፈ ለፈረቃው ኃላፊ፣ ከዚያም ለሐኪሙ። አትጩሁ፤ ደግሞም አትፈሩ። የምትጠይቁት ውለታ አይደለም።

ዘመናዊውን ሆስፒስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የከፈቱት ሲስሊ ሳንደርስ አጥብቀው የተሟገቱለት ነገር ሕመሙ እስኪመለስ አለመጠበቅ ነበር፤ ማስታገሻ በሰዓቱ ይሰጣል፣ ታማሚው እስኪለምን አይጠበቅም። "ሲያማቸው ንገሩን" ብቻ ከተባላችሁ ይህን አንሱ።

"ሞርፊን ይገድላቸዋል" ለሚል ዘመድ

ይህ ዘመድ አይጠፋም። በሐኪም መጠን፣ እየታየ ከፍ የሚደረግ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም። ሰው ከመጨረሻው መጠን በኋላ ሲያርፍ መድኃኒቱ የገደለው ይመስላል እንጂ የገደለው በሽታው ነው። "ሱስ ይሆንባቸዋል" የሚለውም በዚህ ሰዓት የሚያስጨንቅ ጉዳይ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ድብት ያደርጋል፣ ብዙውን ጊዜ ይለቃል። በጥቂት መጠን የትንፋሽ ማጠርንም ያቀላል። የማይለቀው የሆድ ድርቀት ነው፤ ስለዚህ ሞርፊን ሲታዘዝ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ መታዘዙን አረጋግጡ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይሄ ነው።

ምግብና ግሉኮስ

ቤተሰብ የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። "በረሃብ ልንገድላቸው ነው?" ይባላል። ሰውነት እየዘጋ ሲሄድ ምግብ አይጠይቅም፤ በግድ ማጉረስ ትን ሊላቸው ይችላል። ግሉኮስ መስቀልም በዚህ ደረጃ እብጠትና የጉሮሮ ፈሳሽ ሊጨምር ይችላል። ከፈለጉ ትንሽ ቅመሻ ስጧቸው፣ ካልፈለጉ ተዉ። አፋቸው ግን መድረቅ የለበትም። በውሃ የራሰ ስፖንጅ፣ ለከንፈር ቅባት፣ ደጋግሞ። ዝም ብሎ መቀመጥ ለማይችል ዘመድ ይህን ሥራ ስጡት፤ ጭቅጭቁ ይቀንሳል።

ድንገት ሲቅበጠበጡ

አልጋ ላይ መወራጨት፣ ልብስ መጎተት፣ ለመነሳት መሞከር ሲጀምሩ "እንቅልፍ ይሰጣቸው" ከማለታችሁ በፊት ሁለት ነገር አስፈትሹ፦ ሽንታቸው ተጠራቅሞ እንደሆነ፣ ሆዳቸው ደርቆ እንደሆነ። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ካለ ተጣሞ ይሆናል። ቀላል መፍትሔ ያለው ነገር ሰውን ሲያሰቃይ ማየት ያናድዳል። ትንፋሽ ካጠራቸው ጀርባቸውን ከፍ አድርጋችሁ ትንሽ ፋን ወደ ፊታቸው አዙሩ፤ በጣም ይረዳል።

ጉሮሯቸው ላይ የሚያንኮራኩር ድምፅ ሲመጣ ደግሞ እናንተን ከእሳቸው በላይ ያስጨንቃል። ብዙውን ጊዜ ታማሚው አይሰማውም። በጎን አስተኟቸው። በማሽን መምጠጥ ብዙም አይረዳም፣ ራሱ ያስቸግራቸዋል፤ ፈሳሹን የሚቀንስ መድኃኒት ካለ ጠይቁ።

ሁሉ ተሞክሮ ስቃዩ አልበርድ ካለ፣ ታማሚውን አስተኝቶ ማቆየት የሚባል ሕክምና አለ። ማንም ሳያነሳላችሁ ራሳችሁ አንሱት። ዓላማው ስቃዩን ማስቆም ነው እንጂ ሕይወት ማሳጠር አይደለም፤ መጠኑም ስቃዩ እስከሚበርድ ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው። አንዴ ከተጀመረ ግን ዳግመኛ ላይነጋገሩ ስለሚችሉ፣ ከመጀመሩ በፊት ሩቅ ያሉት ልጆች በስልክ ይገናኙ፣ የሚባል ነገር ካለ ይባል፤ ነርሷንም "ስንት ሰዓት ትጀምራላችሁ?" ብላችሁ ጠይቋት።