ፑል ላይ ለየት ያለ ምት ሲሞክሩና ስቲክ ሲመርጡ የሚሠሩ ስህተቶች

ክረምት ላይ ደሴ ጉም ስትለብስ ፑል ቤቱ ይሞላል። ያኔ በስልኩ ያየውን ምት ሁሉ የሚሞክረውም ይበዛል። ይሞክር፣ ክፋት የለውም። ግን ምቱን እንጂ ምክንያቱን አላየም።

ከባድ ስቲክ መፈለግ

ለብሬክ፣ ማለትም ኳሶቹን ለሚበትነው የመክፈቻ ምት፣ «ከባዱን አምጣ» የሚል አይጠፋም። አብዛኛው የፑል ስቲክ ከ510 እስከ 600 ግራም ይመዝናል። ኳሶቹን በደንብ የሚበትነው ግን ከክብደቱ ይልቅ ፍጥነቱ ነው። እጅህን የሚያዘገይ ስቲክ ትርፉ ድካም ነው።

ጫፉን አለማየት

ስቲኩ መጉበጡን ሁሉም ያያል። ጫፉ ላይ ያለችውን ቆዳ ግን ማን ያያታል? ጠፍጥፋ ካብረቀረቀች ቾክ (እንዳታንሸራትት የሚቀባትን ጠመኔ) አትይዝም፤ ጎን ስትመታ ታንሸራትትሃለች። እኔ በበኩሌ ጫፉ ከተበላሸ ትንሽ የጎበጠ ስቲክ ይሻለኛል።

ጎን እየመቱ እንደ መሃል ማነጣጠር

ብዙ ጨዋታ የሚበላሸው እዚህ ነው። በስቲክ የምትመታዋን ነጯን ኳስ ቀኝ ጎኗን ስትመታት መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ግራ ትሸሻለች። የስቲኩ ኋላ ከፍ ካለ ደግሞ እየሄደች ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። በቀስታ ከመታህ ለመታጠፍ ጊዜ ታገኛለች፤ በኃይል ከመታህ ሳትታጠፍ ትደርሳለች። ስለዚህ ያው ምት፣ ያው ማነጣጠር፣ ሁለት የተለያየ ቦታ። ርቀቱ ሲጨምር ስህተቱም ይሰፋል።

የምትሸሸው መጠን በስቲኩ የፊት ክፍል ክብደት ይወሰናል። ያ ክፍል ሲቀልል መሸሿ ይቀንሳል። ደሴ በለመደው ስቲክ ሲያገባ የከረመ ልጅ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲሸነፍ «ጠረጴዛው ነው» ይላል። ኧረ ስቲኩም አለበት! አዲስ ስቲክ ስትይዝ አንዷን ኳስ ርቀት ላይ አስቀምጥና ነጯን ጎኗን አንዴ በቀስታ፣ አንዴ በኃይል ምታ። ልዩነቱን ሳታይ ውርርድ አትግባ።

ለማዝለል ከሥር መዛቅ

ነጯን ከሥሯ ዝቆ ማንሳት በዓለም አቀፉ ሕግ ፋውል ነው። የምትዘለው ከላይ ወደ ታች ተመትታ ከጠረጴዛው ስትነጥር ነው። ለዚህ የሚሠራው ስቲክ አጭርና ቀላል ነው፣ ጫፉም ደረቅ ነው፤ ሕጉ ግን ከ102 ሴንቲ ገደማ እንዲያጥር አይፈቅድም። በፑል ቤቱ ረጅም ስቲክ ለማዝለል አትድከም። ጨርቁ ከተቀደደ ባለቤቱ አይለቅህም።

የሰው ክንድ መቅዳት

አሜሪካዊው የፑል ተጫዋች ኪት ማክሪዲ ክንዱን ወደ ጎን አውጥቶ እየወዘወዘ ስንቱን አሸንፏል። የሚቀዱት ክንዱን ብቻ ያያሉ። የእሱ ስቲክ ግን ኳሷ ጋ የሚደርሰው ቀጥ ብሎ ነው። ያንተን ለማወቅ ባዶ የውሃ ላስቲክ ጠረጴዛው ላይ አጋድመህ ስቲኩን በአፉ አስገባ፣ አውጣ። አፉን ሳይነካ ደጋግሞ ከገባልህ ክንድህን እንዳሻህ ያዘው።