ትንሽ ክለብ ውስጥ ቤዝ ጊታር ጥርት ብሎ እንዲሰማ እንዴት ይደረጋል?

አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት ጠበብ ያሉ የሙዚቃ ቤቶች አንዱ ውስጥ ገብተህ ከኋላ ቁም። ድምፃዊው ይሰማል። ኪቦርዱ ይሰማል። ሳክስፎኑማ ከሚገባው በላይ ይሰማል። ቤዙ ግን ወይ ጭራሽ የለም፣ ወይ ደግሞ ቤቱን ሞልቶ ያጉረመርማል እንጂ የትኛው ኖታ እንደተመታ የሚለይ ሰው የለም። ይሄ ሲያጋጥመው አብዛኛው ቤዚስት ትልቅ አምፕ ያምረዋል። እኔ ግን ትልቅ አምፕ ነገሩን ሲያባብሰው እንጂ ሲፈታው አላየሁም። ጥርት ያለ የቤዝ ድምፅ በአብዛኛው የሚመጣው ከመቀነስ ነው፤ የመብራቱን ጩኸት፣ የክፍሉን ጉርምርምታ፣ የራስህንም የጣት ጉልበት።

ከቤት ሳትወጣ

ክሮቹን እይ። የቆየ ክር ድምፁ ይደፈናል፣ ቅኝትም አይይዝም። አዲስ የቤዝ ክር ደግሞ ርካሽ አይደለም፣ ስለዚህ ብዙዎቻችን እንቀቅላለን። አዎ፣ በድስት። አውልቀህ የፈላ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል ታቆያቸዋለህ፣ በጥምጥሙ መሃል የገባው ላብና ቅባት ይለቃል፣ ከዚያ በፎጣ አድርቀህ ትመልሳለህ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃው የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለክሩ ግን በቂ ነው። ውጤቱ ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ድምፁ እንደገና ይተኛል። ለዓርብ ሥራ ሐሙስ ማታ መቀቀል ጥሩ ነው። አንድን ክር ደጋግሞ ማውለቅና መጠምጠም ግን መቃኛ ቁልፉ ጋ ያዳክመዋል፣ መድረክ ላይ ይበጠስብሃል።

ክረምት ሲገባ እርጥበቱ የጊታሩን አንገት ያንቀሳቅሰዋል። ክሩ ፍሬት ላይ (አንገቱ ላይ በተደረደሩት ብረቶች) መንጫጫት ከጀመረ ትራስ ሮዱን፣ ማለትም አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ፣ ሩብ ዙር ብቻ አላልተህ ትንሽ ቆይ፣ ቃኝ፣ እንደገና እይ። በአንዴ ሙሉ ዙር አታዙር።

ጊታርህ አክቲቭ ከሆነ፣ ማለትም ውስጡ በባትሪ የሚሠራ ማጉያ ካለው፣ ትርፍ 9 ቮልት ባትሪ ያዝ። ኬብል ሁለት። ቅኝት ማሳያ። የራስህ ኤክስቴንሽን፣ ረዘም ያለና ምድር ሽቦ ያለው። ሌላው የቤቱ ነው።

መብራቱን መጀመሪያ አጥራ

አብዛኛው ችግር እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ጊዜ ሰጥቼ ልንገርህ።

የኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ንዝረት) ነው። አምፕህ «እእእም» ብሎ ሲያንጎራጉር የምትሰማው እሱን 50 ኸርዝና እጥፉን 100 ኸርዝን ነው። 50 ኸርዝ ማለት ወፍራሙ ኢ ክር ላይ ሦስተኛው ፍሬት ጋ ካለው ጂ የሚባል ኖታ (49 ኸርዝ) ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ ነው። እንግዲህ ሌላ ቁልፍ (የዜማ መነሻ ድምፅ) ላይ ስትጫወት አንድ ያልተቃኘ ቤዚስት ከጎንህ ቆሞ ሌሊቱን ሙሉ ጂ እየመታ ነው በለው። ስለዚህ ይህን ጉርምርምታ «ትንሽ ሃም ነው፣ ሙዚቃው ሲጀመር አይሰማም» የሚልህን አትስማው። ቤዙ የሚኖርበትን ቦታ ነው የያዘው።

ምንጩን ለማግኘት በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ። የጊታሩን ቮልዩም ዜሮ አድርግ። ጩኸቱ ከጠፋ ችግሩ ጊታሩ ጋ ነው። ካልጠፋ ኬብሉን ከአምፑ ንቀል። አሁን ከጠፋ ኬብሉ ነው፣ ሁለተኛውን አውጣ። አሁንም ካለ ከአምፑ ወደ ሚክሰር የሚሄደውን ገመድ ንቀል። እሱን ስትነቅል ጸጥ ካለ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ ግራውንድ ሉፕ ነው፤ ትንሽ ቤቶች ውስጥ እጅግ የተለመደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምፕህ መድረኩ ጋ ባለው ሶኬት ተሰክቷል፣ ሚክሰሩ ደግሞ ባንኮኒው ጋ ባለው። ሁለቱም የየራሳቸው የምድር ሽቦ መንገድ አላቸው። አንተ በሲግናል ገመድ ስታገናኛቸው በሁለቱ ምድሮች መካከል ክብ መንገድ ይፈጠራል፣ በዚያ ላይ ትንሽ ከረንት ይዞራል፣ እሱም ድምፅ ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው አምፑንም ሚክሰሩንም ከአንድ ሶኬት መመገብ ነው፤ ኤክስቴንሽኑን ያስያዝኩህ ለዚህ ነው። ከሚክሰሩ ሶኬት እስከ መድረኩ ጎትት። ፍሪጅና የመድረክ መብራት ያለበት መስመር ላይ ግን አትሰካ፣ ፍሪጁ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር «ጧ» ይልብሃል። ሁለተኛው ዲአይ ቦክስ ነው፣ የቤዙን ሲግናል ለሚክሰሩ አመቻችቶ የሚልክ ትንሽ ሳጥን፤ ጎኑ ላይ ግራውንድ ሊፍት የሚባል ማብሪያ አለው፣ ስትጫነው የሲግናል ገመዱን ምድር ብቻ ይቆርጣል። አብዛኛውን ጊዜ ጩኸቱ እዚያው ይሞታል።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርግ። የአምፑን ሶኬት የምድር እግር መስበር ወይም በናስትሮ መሸፈን። ሃሙን ያጠፋዋል፣ እውነት ነው፣ ለዚህም ነው ሰው የሚያደርገው። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ጊታሪስት እንዲህ የተደረገ አምፕ ላይ ተሰክቶ ክሩን በግራ እጁ እንደያዘ ኮረስ ሊቀበል ከንፈሩን ማይኩ ላይ ሲያደርግ ነዘረውና ወደ ኋላ ወደቀ። ጥርሱ አልረገፈም፣ በሕይወት አለ፣ ግን የዚያን ቀን ከዚያ በላይ ሊሆን ይችል ነበር። ምድር የሌለው አምፕ ውስጡ አንድ ሽቦ ከተላቀቀ አካሉ፣ ኬብሉና ክሮችህ በሙሉ 220 ቮልት ሊሸከሙ ይችላሉ። የዲአዩ ማብሪያ ሌላ፣ የሶኬቱ እግር ሌላ። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዙትን መብራት ያለው ካቻቢቴ ግዛ፣ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጊታርህን ከመሰካትህ በፊት የበራውን አምፕ ብረት ንካበት። ከበራ እዚያ ሶኬት ላይ አትጫወት። ባለቤቱ «እኛ ሁሌ እንጫወትበታለን» ቢልህም አትጫወት።

ጩኸቱ ጊታሩ ጋ ከሆነ ነገሩ ቀለል ይላል። ክሩን ስትነካ ከቀነሰና ዞር ስትል ከተለዋወጠ ፒካፑ (ከክሮቹ ሥር ያለው ድምፅ ለቃሚ) ከአካባቢው እየለቀመ ነው። ከዲመር (መብራት ማደብዘዣ)፣ ከትራንስፎርመርና ከኒዮን መብራት ራቅ። እንደ ጃዝ ቤዝ ሁለት ነጠላ ፒካፕ ካለው ሁለቱንም እኩል ክፈት፣ አብዛኞቹ ላይ አንዱ የሌላውን ሃም ይሰርዛል።

ስለ ዕቃ ከጠየቅኸኝ፣ ገንዘብህ አንድ ነገር ብቻ የሚገዛ ከሆነ ከፔዳል በፊት ዲአይ ግዛ። ቤዝህ ፓሲቭ (ባትሪ የሌለው) ከሆነ አክቲቭ ዲአይ፣ አክቲቭ ከሆነ ተራው ፓሲቭ ዲአይ ይበቃሃል። አክቲቩ ባትሪ ወይም ከሚክሰሩ የሚመጣ 48 ቮልት ፋንተም ይፈልጋል፤ ሳውንድ ማኑን «ወንድሜ፣ ፋንተም አለ?» ብለህ አስቀድመህ ጠይቅ። ቻናልህ ክፍት እያለ አብራ አትበለው፣ ስፒከሩ ይፈነዳል ባይባልም ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ ያወጣል።

ጌይን

አጭር ነው። ጌይን የሚገባውን ሲግናል መጠን የሚወስነው ቁልፍ ነው። በጣም ጠንክረህ የምትመታውን ያህል ምታ፣ ቀዩ መብራት ብልጭ እስኪል ጌይኑን ክፈት፣ ከዚያ ትንሽ መልስ። ሳውንድ ቼክ ላይ በለስላሳው መትተህ ማታ ሰው ሲሞላ የምትደበድብ ከሆነ ሳውንድ ማኑ አይወድህም።

ክፍሉን ማወቅ

ብሎኬት ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለል፣ የመስታወት ፊት። አብዛኛው ትንሽ ቤት እንዲህ ነው። ወፍራም ድምፅ እዚህ ማምለጫ የለውም። ቁጥሩን ላሳይህ። የተከፈተ ኢ ክር 41 ኸርዝ ነው፣ የአንድ ሞገዱ ርዝመት ከ8 ሜትር በላይ ነው። በሁለት ግድግዳዎች መካከል ያለው ርቀት 4 ሜትር ከሆነ ክፍሉ 43 ኸርዝ አካባቢ ራሱ መጮህ ይፈልጋል፤ ይህም ኢ ክር ላይ የመጀመሪያው ፍሬት፣ ኤፍ ማለት ነው። ስለዚህ ያቺ ኖታ ብቻዋን ስታጓራ ጎረቤቶቿ ይጠፋሉ። አምፑ ምንም አላጠፋም። ቮልዩም ስትጨምር ኤፏ ናት የምትጨምረው።

መጀመሪያ አምፑን ከጥግ አውጣ። ጥግ ላይ ያለ አምፕ ከሁለት ግድግዳና ከወለል እየተመለሰ ወፍራሙን ክፍል ብቻ ያበዛዋል። ከፍ ያለ ነገር ላይ አስቀምጠው፣ የቢራ ሳጥንም ይሁን፣ ወደ ጉልበትህ ሳይሆን ወደ ጆሮህ እንዲያይ። ብዙ ቤዚስት «አልሰማም» እያለ የሚጨምረው ድምፁ ሱሪው ላይ እየሄደ ስለሆነ ነው።

ከዚያ ኢኪው፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የምትጨምርበትና የምትቀንስበት። ባስ የሚለውን ቁልፍ ለመክፈት እጅህ ይበላሃል። ተው። ሚክሰሩ ሎው ከት (ወፍራሙን ድምፅ መቁረጫ) ካለውና የሚቆርጥበት ቦታ የሚስተካከል ከሆነ 40 ኸርዝ አካባቢ አድርገው፤ ከዚያ በታች ያለውን ትንንሾቹ ስፒከሮች አያወጡትም፣ ዝም ብለው ይለፋሉ። ጭቃ የመሰለው ድምፅ 200 እና 250 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ ትንሽ ቀንስ። አሁን ወደ 700 ወይም 800 ኸርዝ ሄደህ ጥቂት ጨምር። ብቻህን ስትጫወት አፍንጫ አፍንጫ ይላል፣ ያስጠላሃል። ባንዱ ሲገባ ግን ኖታህ የሚለየው በዚያ ነው። ጆሯችን የላይኛዎቹን ተከታይ ድምፆች ሲሰማ የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። የሮሃ ባንድን የካሴት ሥራዎች በታክሲ ትንሽ ስፒከር ስማ፤ ያ ስፒከር 41 ኸርዝን በሕልሙም አያወጣም፣ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ግን እየዘመርክ መከተል ትችላለህ።

ሳውንድ ቼክ ላይ ድምፁ ትንሽ ከሳ ብሎ ቢቀር አትደንግጥ። ሰው ሲገባ ልብሱና ገላው ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል፣ ወፍራሙን ግን ብዙም አይነካውም። ስለዚህ ባዶ ቤት ውስጥ ልክ የመሰለህ ቤዝ በሰው ሲሞላ ይከብዳል። ባዶ ቤት ውስጥ ትንሽ ሳሳ፣ ትንሽ ብሩህ አድርገህ ተወው። ረዥም ኬብል ካለህ እየተጫወትክ እስከ በሩ ድረስ ሂድና ስማ። መድረክ ላይ የምትሰማውና በሩ ጋ ያለው ሰው የሚሰማው አንድ አይደለም።

ጣትህ

የማይጫወቱትን ክሮች ዝም አሰኝ። የቀኝ አውራ ጣትህን ከምትመታው ክር በላይ ባለው ላይ አሳርፍ፣ በግራ እጅህ ጣቶች ውስጠኛ ክፍል ደግሞ ከታች ያሉትን ሸፍን። ግማሹ ጉርምርምታ ከዚህ ነው የሚመጣው፣ ሰው ግን አምፑን ይወቅሳል። ለስለስ አድርገህ ምታ፣ ጉልበቱን አምፑ ይስጥ።

ችክችካ ላይ ደግሞ ከኪኩ (በእግር ከሚመታው ትልቁ ከበሮ) ጋር ተስማማ። ስድስቱንም ምት መሙላት የለብህም። ክፍሉ የሚያጓራ ከሆነ ኖታውን አሳጥረህ ቁረጠው፣ ባዶ ቦታ ተው፣ ከበሮው ይተንፍስ። ረዥም የተጎተተ ኖታ ለትዝታ አስቀምጠው፤ እዚያም ቢሆን ክፍሉ የሚወዳት ኖታ ላይ ስትደርስ ቀነስ አድርግ። አንድ ባንድ በአንድ ምሽት ለብዙ ድምፃዊ ይጫወታል፣ እያንዳንዱ የየራሱ ቁልፍ አለው፤ የምታጓራዋን ኖታ ካወቅሃት ከላይኛው ኦክታቭ እየወሰድክ ታመልጣለህ። ባለ 5 ክር ካለህ ዝቅተኛው ቢ 31 ኸርዝ ነው። ትንሽ ቤት ውስጥ ለጌጥ ነው፣ ብዙ አትሂድበት።

መብራት ቢሄድ

መብራቱ እንደጠፋ የአምፑን ማብሪያ ዝጋ። ጄኔሬተሩ ሲነሳም ሆነ መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው የመጀመሪያው ግፊት ነው ዕቃ የሚያቃጥለው። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቅና አብራ። ድራመሩ በዚህ መሃል ብቻውን ይጫወት፣ ታዳሚው ይወደዋል።

ሥራው ሲያልቅ ቮልዩሙን ዜሮ አድርግ፣ ሳውንድ ማኑ ቻናልህን እንዲዘጋው ንገረው፣ ከዚያ አምፑን አጥፋ፣ በመጨረሻ ኬብሉን ንቀል። ጊታርህ አክቲቭ ከሆነ ጃኩን ሳትነቅል ቦርሳ ውስጥ እንዳትከተው፤ ጃኩ እስካለ ባትሪው ይሠራል፣ ሳትጫወትበት ያልቅብሃል።