እንግዳ ሆኖ መጠየቅ፦ የተለያዩ ሃይማኖቶችን በአክብሮት እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ስለ ሌላ ሃይማኖት ማወቅ የፈለገ ሰው ዛሬ ዛሬ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ስልኩ ነው። አንድ ቪዲዮ ይከፍታል። ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ፤ ከሥር "ልክ ልኩን ነገረው!" የሚል አስተያየት ተደርድሯል። አይቶ ሲጨርስ ስለ ሃይማኖቱ የያዘው ነገር ቢኖር የሚጠሉት ሰዎች የሚሉትን ብቻ ነው። እኔም የጀመርኩት እንደዚያው ነበር። የሰማሁትን ከጭንቅላቴ ለማውጣት የፈጀብኝ ጊዜ አዲስ ነገር ለመማር ከፈጀብኝ ይበልጣል።

ቆይቶ የገባኝ ነገር ይሄ ነው፦ የሌላውን እምነት ሊያውቅ የሚሄድ ሰው እንግዳ ነው። እንግዳ በሰው ቤት ገብቶ አይፈርድም። የቤት ልጅ ነኝ ብሎም ጓዳ ዘው አይልም። አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ስናደርግ ነው።

ደረጃ 1፦ ለምን እንደምትሄዱ ለራሳችሁ ንገሩ

አንዳንዱ ለማወቅ ብቻ ነው የሚሄደው። አንዳንዱ ጓደኛው ወይም ሊያገባት ያሰባት ልጅ የሌላ እምነት ተከታይ ስለሆነች ነው። አንዳንዱ ደግሞ ያደገበት እምነት ጥያቄውን አልመልስ ብሎት ለነፍሱ ማረፊያ እየፈለገ ነው። አንዳቸውም ነውር የለባቸውም። ግን የሚቀበሏችሁ ሰዎች ከየትኞቹ እንደሆናችሁ ማወቅ አለባቸው። "ሊያምን ነው የመጣው" ብለው ጊዜያቸውንና ጸሎታቸውን ሲሰጧችሁ ቆይተው ከስድስት ወር በኋላ "እኔ እንኳ እንዲሁ ለማየት ነው" ቢባሉ ያዝናሉ፤ እውነት አላቸው። በመጀመሪያው ቀን "ለማወቅ ነው የመጣሁት፤ ሃይማኖት ለመቀየር አይደለም" ማለት ይበቃል። እናንተም ገና ካልለየላችሁ "አላወቅኩም" በሉ። በዚህ የሚቀየም ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ደረጃ 2፦ አማኙን ጠይቁ

እ.ኤ.አ. በ1985 ስቶክሆልም ውስጥ ሞርሞኖች (ከአሜሪካ የተነሳ የእምነት ቡድን) ቤተ መቅደስ ሊከፍቱ ሲሉ ተቃውሞ ተነስቶ ነበር። የዚያን ጊዜ የከተማዋ የሉተራን ጳጳስ የነበሩት ክሪስተር ስቴንዳል ሦስት ነገር አሉ። አንደኛ፣ ስለ አንድ ሃይማኖት ማወቅ ስትፈልጉ ጠላቶቹን ትታችሁ ተከታዮቹን ጠይቁ። ሁለተኛ፣ የእናንተን ምርጥ ከእነሱ መጥፎ ጋር አታወዳድሩ። ሦስተኛ፣ "ለቅዱስ ቅናት" ቦታ ተዉ፤ ማለትም በሌላው ቤት አይታችሁ "ምነው ይሄ እኛም ጋ በኖረ" የምትሉት ነገር ሊኖር እንደሚችል አስቡ።

ለእኔ በጣም የሚከብደው ሁለተኛው ነው። ሳናውቀው የራሳችንን ቅዱሳን ከሌላው አክራሪዎች ጎን እናቆማለን። ከዚያ "አያችሁ ልዩነቱን?" እንላለን። ሚዛኑ ትክክል የሚሆነው መጽሐፍን ከመጽሐፍ፣ ደግ ሰውን ከደግ ሰው፣ ጥፋትን ከጥፋት ጋር ስናስቀምጥ ነው።

አማኙን ጠይቁ ሲባል ግን አንድ ሰው ጠይቆ መመለስ አይደለም። በእስልምና ሱኒና ሺዓ አሉ። በቡድሂዝም ቴራቫዳና ማሃያና አሉ። ከአይሁድ መካከል ኦርቶዶክስ የሚባሉት (ሕጉን አጥብቀው የሚጠብቁት) እና ሪፎርም የሚባሉት (ለዘብ ያሉት) የሚለያዩበት ነገር ትንሽ አይደለም። ስለዚህ "እነሱ እንዲህ ያምናሉ" ከማለታችሁ በፊት "የትኞቹ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቢያንስ አንድ የተማረ ሰውና አንድ ተራ አማኝ አነጋግሩ። የተማረው ትምህርቱን ይነግራችኋል። ተራው አማኝ ደግሞ ልጁ ሲታመም ምን ብሎ እንደሚጸልይ ይነግራችኋል። ሴቶችንም ጠይቁ። ፊት ለፊት የሚቀመጡት ብዙ ጊዜ ወንዶች ስለሆኑ ግማሹን ታሪክ ሳንሰማ እንወጣለን።

ደረጃ 3፦ አንዱን ያዙ

በአንድ ወር አምስት ሃይማኖት አይታወቅም። አንዱን መርጣችሁ ሦስት አራት ወር ቆዩበት። ሁሉንም ቀማምሶ "ሁሉም አንድ ናቸው" የሚል ሰው አለ። ነገሩ አክብሮት ይመስላል። ነገር ግን ለአማኙ ልዩነቱ ሕይወቱ ነው፤ እሱን ሳይጠይቁ ልዩነቱን መሰረዝ ትንሽ ድፍረት አለው።

ደረጃ 4፦ መጽሐፉን ከየት እንደምትጀምሩ እወቁ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ቅዱስ መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ከገጽ አንድ ይጀምርና ሃያኛው ገጽ ላይ ይተወዋል።

ቁርአንን እንይ። 114 ሱራዎች አሉት። የተደረደሩት በወረዱበት ቅደም ተከተል አይደለም። ከመክፈቻዋ ከፋቲሃ ቀጥሎ በጥቅሉ ከረጅሙ ወደ አጭሩ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከፊት የጀመረ አንባቢ ወዲያው የሚያገኘው 286 አንቀጽ ያላትን አል-በቀራን ነው፤ ሕግ፣ ታሪክና ምክር ተደባልቆባታል። ከኋላ ብትጀምሩ ይሻላል። አጫጭሮቹ ሱራዎች አብዛኞቹ በመካ ዘመን የወረዱ ናቸው። ስለ ፈጣሪ፣ ስለ ፍርድ ቀን፣ ስለ ድሃ አደጉ በጥቂት ቃላት ይናገራሉ። ልጆችም በቃላቸው መያዝ የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ ከዚያው ነው። ደግሞ ሲቀራ ስሙት። የዓረብኛው ድምፅ ለአማኙ ከትርጉሙ ተነጥሎ የሚታይ ነገር አይደለም።

ክርስትናን ለማያውቅ ሰው የማርቆስ ወንጌል ጥሩ በር ነው። ከአራቱ አጭሩ ነው፤ 16 ምዕራፍ፣ በአንድ ቁጭታ ያልቃል።

በአይሁድ እምነት ደግሞ ኦሪትን አንብቦ "አወቅኩ" ማለት አይቻልም፤ ኦሪት የሚነበበው ከመምህራን ትርጓሜና ክርክር ጋር ነው። ይህ ክርክር የተሰበሰበበት የባቢሎኑ ታልሙድ 2,711 ቅጠል አለው። በቀን አንድ ቅጠል የሚያነብቡበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1923 ተጀምሮ እስካሁን ቀጥሏል፤ አንዱ ዙር ሰባት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ቀናሁ።

ሂንዱይዝም አንድ መሥራችም አንድ መጽሐፍም የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ 18 ምዕራፍና 700 ስንኝ ያለው ብሃጋቫድ ጊታ ይመከራል። ጦር ሜዳ ላይ ቆሞ እጁ የዛለ ተዋጊ ከአምላክ ክሪሽና ጋር የሚያደርገው ንግግር ነው። ለቡድሂዝም 423 ስንኞች ያሉት ድሃማፓዳ አለ።

ሕንድ አካባቢ የተነሳ ሃይማኖት ተከታዮች የሆኑት የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ፣ ጉሩ ግራንት ሳሂብ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 1,430 ገጽ ያለው ይህ መጽሐፍ ለእነሱ ሕያው መምህር ነው። ከፍ ባለ ቦታ ይቀመጣል፣ ማታ በክብር ወደ ማረፊያው ይወሰዳል። ገዝቶ መደርደሪያ ላይ ማቆም አይሆንም። ጧት ጧት የሚባለውን ጃፕጂ ሳሂብን በትርጉም ማንበብ ለጀማሪ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ሂዱና ተቀመጡ

ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ ወይም የምታውቁት አማኝ ይውሰዳችሁ። ሙስሊሞች በብዛት የሚሰበሰቡት ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ለጁምዓ ነው። የአይሁድ ሰንበት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀምራል። በዓል ከሆነ ደግሞ ቀኑን አረጋግጡ፤ የሙስሊሞች ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ይመጣል።

ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ሰፊ ልብስ ልበሱ። ቦርሳችሁ ውስጥ አንድ ሻሽ ያዙ። ካልሲያችሁ ንጹሕ ይሁን፣ ያልተቀደደም ይሁን። እየቀለድኩ አይደለም። መስጊድ፣ የሂንዱ ቤተ መቅደስና የሲኮች አምልኮ ቤት (ጉርድዋራ) ስትገቡ ጫማ ይወልቃል። የራስ ነገር ግን ከቦታ ቦታ ይገለበጣል። ምኩራብ ውስጥ ወንድ ራሱን ይሸፍናል። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ወንድ ኮፍያውን ያወልቃል። ጉርድዋራ ውስጥ ወንዱም ሴቱም ይሸፈናል። አንዱ ጋ ክብር የሆነው ሌላው ጋ ንቀት ነው። ስለዚህ "ልማዴ ነው" አይሠራም።

ከኋላ ተቀመጡ። አንድ ጊዜ ቡድሃ ሐውልት ፊት ወለል ላይ ተቀምጬ እግሬ ሲደነዝዝ ዘረጋሁት። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው በእጃቸው ቀስ አድርገው እግሬን ወደ ጎን መለሱልኝ። አልተቆጡም። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። የእግርን መርገጫ ወደ ሐውልቱ ማዞር ነውር ነው። ጉርድዋራ ውስጥም ወደ መጽሐፉ እንደዚሁ ነው።

ስልክ አጥፉ። ማስታወሻ መያዝ የምትወዱ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ ሰንበትን አጥብቆ በሚጠብቅ ምኩራብ በዚያ ቀን መጻፍም ስልክ መንካትም አይፈቀድም። ያያችሁትን በጭንቅላታችሁ ይዛችሁ ውጡ።

ደረጃ 6፦ እንግድነታችሁ የት ላይ እንደሚያበቃ እወቁ

ከሁሉም በላይ የምትጨነቁበት ይሄ ይሁን። እኔ ቀላል መለኪያ አለኝ። ሰዎች ሲነሱ መነሳት ጨዋነት ነው። ዝም ሲሉ ዝም ማለትም ጨዋነት ነው። መስገድ፣ መቁረብ፣ የእምነት ቃል ማለት ግን የእምነት ሥራ ነው። የመጀመሪያውን አድርጉ፣ ሁለተኛውን ተዉ።

ለምሳሌ ቁርባንን እንይ። በኦርቶዶክስና በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ለቤተ ክርስቲያኑ አባላት፣ ለዚያውም ተዘጋጅተው ለቀረቡት የሚሰጥ ነው። ሰው ሲሰለፍ ተከትሎ መሰለፍ አያስፈልግም፤ በቦታችሁ ብትቀመጡ ማንም አይቀየማችሁም። ሸሃዳን "እስቲ እንዴት እንደሚሰማ ልሞክረው" ብሎ ማለትም ቀልድ አይደለም። ሙስሊም የሚኮንበት ቃል ነው።

በሌላ በኩል ለሁሉም የተዘረጋ ነገር አለ። ሂንዱዎች ከአምልኮ በኋላ ፕራሳድ የሚባል የተባረከ ምግብ ያድላሉ። ሲኮች ላንጋር የሚባል የነፃ ማዕድ አላቸው፤ አምሪትሳር ባለው ወርቃማው ቤተ መቅደስ በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መሬት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይመገባሉ፣ ማን ነህ የሚል የለም። ለመብላት የእናንተ እምነት ካልፈቀደላችሁ እጅ ነስታችሁ "ይቅርታ፣ አልችልም" በሉ። ሰበብ አትፍጠሩ። የእምነት ሰዎች የእምነትን ክልከላ ከማንም በላይ ይረዳሉ።

የተዘጋ በርም አለ። መካ ሙስሊም ላልሆነ አይፈቀድም። ፑሪ ያለው የጃጋናት ቤተ መቅደስ ሂንዱ ያልሆነን አያስገባም። በሕንድ የፓርሲዎች (የዞሮአስተር እምነት ተከታዮች) የእሳት ቤተ መቅደስም እንደዚሁ ነው። "ምን ደብቀው ነው?" ብላችሁ አትጠርጥሩ። በቪዲዮ አሾልኮ ለማየት መሞከርም ደስ አይልም። ተከልክሎ ከበር መመለስም እንግዳ የሚያውቀው ነገር ነው።

ደረጃ 7፦ አጠያየቃችሁን አሳምሩ

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል፤ አጠያየቅ ግን አለው። ሕንድን ይገዛ የነበረው የሙጋሉ ንጉሥ አክባር እ.ኤ.አ. በ1575 ፈትህፑር ሲክሪ ውስጥ የአምልኮ ቤት አሠራ። መጀመሪያ የሱኒ ሊቃውንትን፣ በኋላም ሺዓዎችን፣ ሂንዱዎችን፣ ጃይኖችን፣ ዞሮአስተሮችንና ኢየሱሳውያን የሚባሉ የካቶሊክ ማኅበር ቄሶችን ጠርቶ አወያየ። ሐሳቡ ግሩም ነበር። ሆኖም ክርክሩ ብዙ ጊዜ ወደ ጩኸትና ስድብ ይዞር ነበር። ሰው ሊያሸንፍ ከተቀመጠ ያለውን አይነግራችሁም፤ የሚያዋጣውን ነው የሚነግራችሁ።

"ለምን ይህን ታምናላችሁ?" ከማለት "ይህን ስታደርጉ ምን ይሰማችኋል?" ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ጥብቅና ያስነሳል። ሁለተኛው ወሬ ይከፍታል። "ጣዖት ታመልካላችሁ?" ብሎ ሂንዱን የጠየቀ ሰው "አይ" ተብሎ ይመለሳል። "ሐውልቱ ፊት ስትቆሙ ምን እየሆነ ነው?" ያለ ሰው ግን ዳርሻን ስለሚባል ነገር ይሰማል፤ አማኙ አምላኩን ያያል፣ አምላኩም አማኙን ያያል። መተያየት ነው። ትስማሙ አትስማሙ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቢያንስ አሁን የማትስማሙበትን ነገር ታውቃላችሁ።

ቤት ስትገቡ ሦስት ነገር ለይታችሁ ጻፉ፦ ያየሁት፣ እነሱ ትርጉሙ ነው ያሉኝ፣ እኔን የተሰማኝ። ሦስቱን ካልለያችሁ በሳምንቱ ይደባለቁባችኋል።

ደረጃ 8፦ ዓይናችሁንም አትጨፍኑ

አክብሮት ማለት የተባሉትን ሁሉ መቀበል አይደለም። ቤተሰባችሁን ራቁ የሚል፣ ገንዘባችሁን የሚያስቆጥር፣ ጥያቄ ስትጠይቁ "ይሄ ጥርጣሬ ከሰይጣን ነው" ብሎ አፍ የሚያስይዝ፣ አንድ መሪ ፈጽሞ አይሳሳትም የሚል፣ ዛሬውኑ ወስኑ ብሎ የሚያጣድፍ ስብስብ ካያችሁ በትሕትና ተሰናብታችሁ ውጡ። የትኛውም ስም ይኑረው፣ የትኛውንም መጽሐፍ ይያዝ። አጥብቆ የሚያምን ሰው ሁሉ ግን እንዲህ ነው ማለት አይደለም። ልዩነቱ ወጥታችሁ ስትሄዱ ይታያል፤ ጤነኛው "በሰላም ሂድ" ይላል።

ደረጃ 9፦ ሁለተኛ ጊዜ ሂዱ

አንድ ጊዜ የሄደ ሰው ጎብኚ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ ስሙን ይጠይቁታል። ብዙ ጊዜ እውነተኛው ወሬ የሚጀምረው ያኔ ነው፤ አምልኮው አልቆ ጫማ ሲታሰር፣ ወንበር ሲነሳ።

አንድ ነገር ግን ተዘጋጁበት። እስካሁን እናንተ ስትጠይቁ ቆይታችኋል። አንዱ ዞር ብሎ "አንተስ? አንቺስ? ምንድን ነው የምታምኚው?" ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የራሳችሁን እምነት እንዳታፍሩበት፣ እንዳታጋንኑትም። ጸሎት ካላችሁ አላችሁ በሉ። ከቆመባችሁ ቆሞብኛል በሉ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጠየቅ ለደቂቃ ያህል የምናገረው ጠፍቶኝ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። የጠየቀኝ ሰውዬ መልሱን ሳይቸኩል ጎኔ ተቀምጦ ጠበቀኝ።