የእግር መንገዶችን መረብ ከነዋሪው ጋር ማቀድ

አንድ አካባቢ የእግርና የብስክሌት መንገዶች መረብ ሲያቅድ፣ ነዋሪው ብዙውን ጊዜ የሚጠራው ካርታው ተሥሎ፣ በጀቱም ተደልድሎ ካለቀ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የሚቀርብለት ጥያቄ «ተስማምታችኋል ወይ?» ከሚለው ስለማይዘል፣ ከአዳራሹ የሚገኘው ጭብጨባ ወይም ኩርፊያ ይሆናል እንጂ ለአቃጁ የሚጠቅም ዕውቀት አይሆንም። አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 የዜጎችን ተሳትፎ በ8 እርከን መሰላል ከፋፍለው ሲያሳዩ፣ ምክክርን ከይስሙላ ተሳትፎ ወገን የመደቡት፣ የተሰማው ቃል ውሳኔው ላይ እንደሚደርስ ዋስትና ስለሌለው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ውይይት ካርታው ገና በእርሳስ ሳለ መደረግ ይኖርበታል።

ይህ ሲባል ግን ባዶ እጅን መሄድ ይገባል ማለት አይደለም። ወንዙን፣ ገደሉን፣ የይዞታ ወሰኖችን፣ አውራ መንገዶችንና ሰው የሚያዘወትራቸውን ቦታዎች የያዘ፣ የታሰበ መስመር ግን ያልተሠመረበት መነሻ ካርታ ይዘጋጅ። ቀጥሎ አካባቢውን በእግር ዞሮ ማየት ያስፈልጋል፤ ውኃ የሚያቁርበትና ጎርፍ የሚያቋርጥበት ቦታ ጎልቶ የሚታየው ያኔ ስለሆነ፣ ከዝናብ ማግሥት ቢሆን ይመረጣል። በእግር ብዛት ሣሩ የተላጠበት አቋራጭ ሁሉ ካርታው ላይ ይግባ፤ ሰዎች የተነጠፈውን ትተው በማዕዘኑ በኩል የሚያቋርጡ ከሆነ፣ ጥፋቱን በእግረኛው ላይ ከመጣል በፊት የመንገዱን አቀያየስ መመርመር ይሻላል። መስመር ሊያልፍባቸው ከሚችሉ መሬቶች ባለይዞታዎች ጋርም በዚሁ ጊዜ በግል መነጋገር ያስፈልጋል። ስለ ገዛ መሬቱ ሕዝብ ፊት ከተዘረጋ ካርታ ላይ የተረዳ ሰው፣ ሐሳቡ ምንም ያህል መልካም ቢሆን፣ ከዚያ በኋላ ለመስማማት ይከብደዋል።

በውይይቱ ላይ ትልቁን ቦታ የሚይዘው የጥያቄው አቀራረብ ነው። «ምን ዓይነት መንገድ ይፈልጋሉ?» ቢባል የሚመጣው የምኞት ዝርዝር ነው፤ «ባለፈው ሳምንት በእግርዎ የት የት ሄዱ? የት ላይስ ሲደርሱ መንገድ ቀየሩ?» ሲባል ግን ሰው ጣቱን ካርታው ላይ አሳርፎ ይናገራል። ከ6 እስከ 8 ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ካርታ ይዘርጋና፣ ተሳታፊዎቹ የሚሄዱበትን በአረንጓዴ፣ የሚሸሹትን በቀይ፣ ቢከፈትላቸው የሚሄዱበትን በሰማያዊ ያሥምሩ። አንዲት እናት ድልድዩ ጋ ስትደርስ ቀዩን አንሥታ ክብ አድርጋ፣ «ደረጃው ላይ የልጄን ጋሪ ተሸክሜ ነው የምወጣው፤ ከመሸማ በላይ በኩል እዞራለሁ» ብትል፣ በዚች ንግግር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ፤ ደረጃውና ጨለማው። መዝጋቢው «ድልድዩ ይሻሻል» ብሎ ካጠቃለላቸው ሁለቱም ይጠፋሉ። እያንዳንዱ አስተያየት የራሱ ቁጥር፣ ቦታ፣ ምክንያትና በኋላም የተሰጠው ምላሽ ይጻፍለት፤ አድካሚ ሥራ ነው፣ ነገር ግን ከስድስት ወር በኋላ «የተናገርነው የት ደረሰ?» ለሚል ሰው የሚያሳዩት ሌላ ነገር አይኖርም።

ወደ አዳራሽ የማይመጡትን፣ ማለትም ተማሪዎችን፣ በፈረቃ የሚሠሩትንና አረጋውያንን፣ ባሉበት ሄዶ መጠየቅ ነው። ማየት ከተሳናቸውና በተሽከርካሪ ወንበር ከሚንቀሳቀሱ ሰዎች ጋር ደግሞ መስመሩን አብሮ መሄድ ከየትኛውም መጠይቅ ይበልጣል።

ሕዝብ የሚወስነውና የማይወስነው ነገር ከመጀመሪያው በግልጽ ቢነገር ቅሬታ ይቀንሳል። መንገዱ የትኛውን ቦታ ከየትኛው እንደሚያገናኝና የትኛው ክፍል እንደሚቀድም ነዋሪው ይወስን፤ ውኃ ግን በድምፅ ብልጫ አቅጣጫውን አይቀይርም። ኮረብታን ቀጥ ብሎ የሚወርድ የአፈር መንገድ ውሎ አድሮ ቦይ ይሆናል። የመንገዱ ዳገትነት ከኮረብታው ጎን ተዳፋት ግማሽ አይብለጥ የሚለው የሙያው ደንብ የመጣው ከዚህ ነው፤ ጎኑ 16 በመቶ ተዳፋት ካለው መንገዱ ከ8 በመቶ ማለፍ የለበትም ማለት ነው። አማካይ ዳገቱም ከ10 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ወለሉ ወደ ቁልቁሉ ጎን 5 በመቶ ያህል፣ ማለትም በ1 ሜትር ስፋት 5 ሳንቲሜትር ዘንበል ቢል፣ ውኃው መንገዱን አቋርጦ ይወርዳል እንጂ ተከትሎት አይሄድም። ለተሽከርካሪ ወንበር የታሰበ መስመር ዳገቱን ከ5 በመቶ በታች ለማድረግ ሲባል ረዝሞ ሊጠማዘዝ ይችላል፤ «ለምን ቀጥ አላለም?» ለሚለው የማይቀር ጥያቄ ይህን ማብራሪያ አስቀድሞ መያዝ ይበጃል።

ሁለተኛው ዙር አዳራሽ አያስፈልገውም። የተሻሻለው ካርታ፣ የተቀበሉትም ሆነ ያልተቀበሉት አስተያየት ከነምክንያቱ ታትሞ ከተለጠፈ በኋላ፣ በመጀመሪያ ሊሠራ የታሰበው አጭር ክፍል መሬት ላይ በችካልና በቀለም ጨርቅ ምልክት ይደረግበት። ማን ሣሩን እንደሚያጭድና ቦዩን እንደሚጠርግም ያኔውኑ በጽሑፍ ስምምነት ይደረግበት። ችካሎቹ ቢያንስ አንድ ጥሩ ዝናብ እስኪያዩ ድረስ ጥቂት ሳምንታት ይቆዩ፤ ሰዎች አንዱን ችካል እየተዉ በሌላ በኩል ማለፍ ከጀመሩ፣ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ችካሉን ነቅሎ ዱካቸው ላይ መትከል ነው።