ሉድሎን በገበያ ቀን እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

ሉድሎ በምዕራብ እንግሊዝ፣ በሽሮፕሸር አውራጃ፣ ከዌልስ ወሰን አጠገብ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ 10 ሺህ ገደማ ቢሆኑም በሕግ የተጠበቁ ታሪካዊ ሕንፃዎቿ ወደ 500 ይጠጋሉ። አብዛኛው ጎብኚ ከባቡር ወርዶ በቀጥታ ወደ ከተማዋ ጥንታዊ ግንብ ይሄዳል፤ ገበያውን የሚያየው ሲመለስ፣ ነጋዴው ዕቃውን መሰብሰብ ሲጀምር ነው። ይህ ያስቆጨኛል። የሉድሎን መንገዶች የቀየሰው ገበያው ስለሆነ ጉብኝቱም ከዚያው መጀመር አለበት።

1. ቀኑን ይምረጡ

ዋናው ገበያ የሚቆመው ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ደማቅ ነው፤ ከነጋዴው ጋር ተረጋግቶ ለመነጋገር ግን ረቡዕ ይሻላል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ይድረሱ።

2. ጉዞውን ያቅዱ

ከማንቸስተርም ከካርዲፍም በቀጥታ የሚያደርስ ባቡር አለ። ከለንደን የሚነሣ ሰው ግን በመንገድ ላይ፣ ለምሳሌ ክሩ በምትባል ከተማ፣ ባቡር መቀየር ይኖርበታል፤ ጉዞው ረጅም ስለሆነ አንድ ሌሊት ማደር ይበጃል። የማይንሸራተት ጫማ ያድርጉ፤ ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ናት።

3. አደባባዩ ላይ ቆመው ዙሪያውን ይመልከቱ

ገበያው በሚቆምበት አደባባይ ጀርባዎን ለግንቡ በር ሰጥተው ይቁሙ። ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖች ግንቡን መሥራት የጀመሩት በ11ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሲሆን፣ ከበሩ ፊት ለፊትም ሰፊ የገበያ ጎዳና ተዘረጋ። ጎዳናው ቡል ሪንግ እስከሚባለው ቦታ ድረስ ይዘልቅ ነበር። ዛሬ መሐሉ በቤቶች ተሞልቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ጠዋት ተተክሎ ማታ ይነሣ የነበረው ዳስ ሳይነሣ ያድር ጀመር፤ ቀስ በቀስም ግድግዳና ጣሪያ አበጅቶ ሱቅ ሆነ። እንደ ሃርፕ ሌን ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች በዳሶቹ ረድፎች መካከል የቀሩ ክፍተቶች ናቸው። ይህን ሳያውቅ የሚያልፍ ሰው ጠባብ መንገድ ብቻ ያያል፤ ያወቀ ግን የመካከለኛውን ዘመን ገበያ በእግሩ ይለካል።

4. ሲገዙ

ተራ መጠበቅ ግዴታ ነው። ምግብ ላይ ዋጋ መከራከር የተለመደ አይደለም፤ አሮጌ ዕቃና መጽሐፍ ላይ ግን በትሕትና ቢጠይቁ ማንም አይከፋም። አይብና ዳቦ ከመግዛትዎ በፊት ለመቅመስ ይጠይቁ፤ ሻጮቹ ስለሚሸጡት ነገር ማውራት ይወዳሉ። ቋሊማውና በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገረው ፓይ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት፤ ስለዚህ የማይበሉ ከሆነ ሳይጠይቁ አይግዙ። በጾም ወቅት ከሄዱ ደግሞ ቪጋን የሚል ጽሑፍ ያለበትን ይፈልጉ፤ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለበትም።

5. ወደ ቅዱስ ሎረንስ ቤተ ክርስቲያን ይግቡ

ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው። በቀጥታ ወደ መዘምራኑ ቦታ ይሂዱ። ወንበሮቹ ወደ ላይ ሲታጠፉ ከሥራቸው በ15ኛው መቶ ዘመን የተቀረጹ ትንንሽ የእንጨት መደገፊያዎች ብቅ ይላሉ። በረጅሙ ጸሎት የቆመውን መዘምር ያሳርፉት ነበርና አገልግሎታቸው እንደ እኛ መቋሚያ ነው። በአንደኛው ላይ መስፈሪያ እያጎደለች ቢራ ስትሸጥ የኖረች ሴት ዋንጫዋን እንደያዘች፣ ሰይጣን ተሸክሟት ወደ ሲኦል ሲወስዳት ይታያል። ለገበያ ከተማ ከዚህ የበለጠ ስብከት ያለ አይመስለኝም። ጉልበት ካለዎት ማማው ላይ ይውጡ።

6. በብሮድ ስትሪት ወደ ወንዙ ይውረዱ

ጎዳናው የሚጀምረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1740ዎቹ ከተሠራውና «በተርክሮስ» ከሚባለው ሕንፃ ነው፤ ከሥሩ ባለው ክፍት አዳራሽ ቅቤ ይሸጥ ነበር። ቁልቁል ሲሄዱ አትቸኩሉ የሚያሰኙ ቤቶች ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል፤ ከብዙዎቹ የጡብ ፊት ጀርባ የቆየ የእንጨት ቤት አለ። ከታች የሚያገኙት ብሮድ ጌት፣ ከጥንቱ የከተማ ቅጥር በሮች ሳይፈርስ የቀረ ብቸኛው ነው። በሩን አልፈው የሉድፎርድን ድልድይ ይሻገሩና በቲም ወንዝ ዳር ባለው የእግር መንገድ እስከ ዲንሃም ድልድይ ይሂዱ። ከዚያ ዳገቱ ወደ ግንቡ ይመልስዎታል።

7. ግንቡን በመጨረሻ ይጎብኙ

የንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ ልጅ የአባቱን ሞት የሰማው እዚህ ሳለ ነው፤ ዘመኑ በፈረንጆች 1483፣ ዕድሜውም 12 ነበር። ለዘውድ ወደ ለንደን ተወስዶ ዘውዱን ሳይጭን በዚያው ጠፋ። በ1502 ደግሞ አልጋ ወራሹ አርተር፣ የስፔኗን ልዕልት ካትሪንን ባገባ በወራት ውስጥ፣ እዚሁ ሞተ። መበለቲቱን በኋላ ወንድሙ ሄንሪ 8ኛ አገባት፤ ከእርሷ ለመፋታት ያደረገው ትግልም የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ከሮም ለየ። በውስጠኛው ግቢ የቆመውን ክቡን የቅድስት ማርያም መግደላዊት ጸሎት ቤት ሳያዩ አይውጡ፤ በኖርማኖች ዘመን የተሠራ ክብ ጸሎት ቤት በእንግሊዝ ብርቅ ነው። መግቢያው በክፍያ ነው፤ የመዝጊያው ሰዓት በብርድ ወራት ስለሚለወጥ ከመነሣትዎ በፊት ያረጋግጡ።