ሐዋሳ ላይ በጎ ፈቃደኞች ወደሚያዘጋጁት የሮክ ፌስቲቫል ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት የኢንዲ ሮክ (ያለ ትልልቅ ኩባንያ ድጋፍ ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ባንዶች ሮክ) ፌስቲቫል እንደ ሆቴል ኮንሰርት አይደለም። በር ላይ ቲኬት የሚያየው ልጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ባስ ጊታር አንግቶ መድረክ ላይ ሊወጣ ይችላል። የታዳሚው ስህተት አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሰው የከፈለበትን መስተንግዶ ጠብቆ ይመጣል፣ ያንን የሚያቀርብለት ተቀጣሪ ግን የለም። ከዚህ በታች ያሉት በተለይ ሐይቁ ዳር ለሚደረግ ዝግጅት የሚጠቅሙ ናቸው።

ሰዓቱን ሳያጣሩ መሄድ

የአዘጋጆቹ ፖስተር «8፡00» ሲል ከቀኑ ስምንት ሰዓት ማለቱ ነው። ባንዶቹ ግን በየገጻቸው ሲለጥፉ ከስልካቸው ሰዓት ገልብጠው «2፡00» ሊሉ ይችላሉ። ይህን የምሽት ሁለት ሰዓት ነው ብሎ የመጣ ሰው ኬብል ሲጠቀለል ይደርሳል። «መቼም በሰዓቱ አይጀመርም» ብሎ መዘግየትም አያዋጣም። እንዲህ ባለ መድረክ አንድ ባንድ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ አንድ ቡና እስኪጠጡ ያልፋል። መጀመሪያ ላይ የባከነው ጊዜ ደግሞ የሚቆረጠው ከመጨረሻው ባንድ ላይ ነው፤ መዝጊያ ሰዓቱ በዝግጅቱ የፈቃድ ወረቀት ላይ ተጽፏልና አይገፋም።

መመለሻዎንም ቀድመው ያስቡ። ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም ከመሸ ሚኒባስ አገኛለሁ ብሎ መተማመን አይቻልም። ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው አልጋውን ቀን ይያዝ። ባጃጅ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት ዋጋ ይነጋገሩ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲወጣ ዋጋው መወደዱ አይቀርም።

ጆሮን ሳይሸፍኑ ስፒከር ፊት መቆም

ይህን ስህተት ሌላው ሁሉ አይተካከለውም፤ ጉዳቱ አይመለስምና። የሮክ መድረክ ፊት ድምፁ 100 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) መድረሱ የተለመደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለሙዚቃ ቦታዎች ያወጣው ጣሪያም በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል ነው። ለሥራ ቦታ የሚሠራበት አንድ ስሌት አለ፦ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይቻላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ላይ የቀረልዎ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ከስፒከሩ ያለዎት ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። 5 ሜትር ላይ 100 ከሆነ 10 ሜትር ላይ 94 ነው፤ 15 ደቂቃው አንድ ሰዓት ሆነ ማለት ነው። አምስት ሜትር ወደ ኋላ መሄድ ይህን ያህል ዋጋ አለው።

ጥጥና ሶፍት ጥቂት ዴሲቤል ብቻ ነው የሚቀንሱት። የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ይግዙ፤ ሲያደርጉት ግን በትክክል ያድርጉት። በንጹሕ ጣት እያሽከረከሩ አቅጥኑት፤ በሌላኛው እጅ ከራስዎ በላይ ዞረው የጆሮዎን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳቡ፤ ያስገቡትና እስኪነፋ ድረስ 30 ሰከንድ ያህል በጣትዎ ይዘው ይቆዩ። ከውጭ በብዛት የሚታይ ከሆነ አልገባም። ሕፃን ይዘው ከመጡ መድፈኛ አይበቃም፤ ጆሮውን በሙሉ የሚሸፍን ያስፈልገዋል። ያንን ካላገኙ ከኋላ ተቀመጡ፤ ልጅ ትከሻ ላይ አውጥቶ ስፒከር ፊት መጨፈር ጭካኔ ነው።

መድረኩ ሥር መሐል ላይ ጥሩ ይሰማል ብሎ ማመን

እዚያ የሚሰማው ድራሙና የጊታር አምፕሊፋየሩ ነው፤ በቀጥታ ከመድረክ ይመጣልና። የዘፋኙ ድምፅ የሚወጣው ግራና ቀኝ ከቆሙት ስፒከሮች ነው፤ እነሱ ደግሞ ከራስዎ በላይ አልፈው ወደ ኋላ ነው የሚያዩት። «ግጥሙ አይሰማም» የሚለው ቅሬታ ግማሹ ከዚህ ቦታ የሚነሳ ነው። የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን (የሁሉንም ድምፅ የሚያመጣጥንበትን መሣሪያ) የዘረጋበትን ቦታ ይፈልጉና ከጎኑ ወይም ከኋላው ይቁሙ፤ እሱ ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ በሚሰማው ልክ ነው። ፊቱ ግን አይቁሙ፤ ጊታሪስቱ በእጅ ምልክት የሚያናግረው እሱን ነው። የሚክሰሩ ጠረጴዛ ላይ ቢራ ማስቀመጥማ... አይነሣ።

በሁለት ባንዶች መካከል ያለው ዝምታም ታዳሚውን ያበሳጫል። ብዙውን ጊዜ ድራሙ የጋራ ነው፤ እያንዳንዱ ድራመር የራሱን ስኔር (መሐል ላይ ያለውን ትንሽ ከበሮ)፣ ሲምባልና ፔዳል አምጥቶ ይቀይራል። ከዚያ ባለሙያው ማይኩን አንድ በአንድ እያዳመጠ የትኛው ገመድ እንዳልሠራ ይፈልጋል። በዚህ ሰዓት የሚፏጭና የሚጮህ ሕዝብ እሱ የሚያድናትን ትንሽ የጊታር ጉርምርምታ ይውጥበታል፤ አሥር ደቂቃው ሃያ ይሆናል።

ከመድረኩ ኤክስቴንሽን ስልክ ቻርጅ ማድረግ

ቻርጀሩ ራሱ የሚበላው ኃይል ኢምንት ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ርካሽ ቻርጀር የጊታር ፒካፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበለው የጊታሩ ክፍል) አጠገብ ሲሰካ ድምፁ ውስጥ እንደ ንብ ይነዝራል። ሌላው ደግሞ የእርስዎን አይቶ የራሱን ይሰካል፤ ቀጥሎ አንዱ ቡና ሊያፈላ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዞ ይመጣል። 5 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚል ጀነሬተር በተግባር የሚሰጠው 4 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፤ ምድጃው ብቻውን ከ1 እስከ 2 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ቮልቴጁ ሲወርድ ዲጂታል ሚክሰሩ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል። መብራቱ በድንገት ሲመለስም ስፒከሩ «ጧ!» ብሎ ሊቃጠል ስለሚችል ባለሙያው አምፕሊፋየሮቹን አጥፍቶ ሌላው ሁሉ ከተነሣ በኋላ መጨረሻ ላይ ያበራቸዋል። መብራት ሲሄድ ከመድረኩ አካባቢ ራቅ ብለው ይጠብቁ፤ በጨለማ ገመድ የሚረግጥ ሰው ነው ነገሩን የሚያባብሰው። ፓወር ባንክ ሞልተው ይምጡ።

ኔትወርክ ላይ ብቻ መተማመን

ሕዝብ ሲበዛ ቴሌብር ይንቀራፈፋል፣ በር ላይ ወረፋ ይረዝማል። የቲኬቱን ኮድ ቤት እያሉ ስክሪንሻት ያንሱ። የ50 እና የ100 ብር ኖት ይያዙ፤ ለሻይ 200 ብር የሚዘረጋ ሰው ሻጯን መልስ ፍለጋ ይልካታል። የባንዶቹን ቲሸርት መግዛት ከፈለጉ በጊዜ ይግዙ፤ የመንገድ ወጪያቸውን የሚሸፍኑት ከዚያ ሊሆን ይችላል፤ ትልቁና መካከለኛው መጠንም ቀድሞ ያልቃል።

ሐይቁን እንደ መዝናኛ ገንዳ ማየት

ቀን ሲሞቅ ገብቶ መዋኘት ያምራል። የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ግን ቢልሃርዚያ አለበት፤ ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም፣ ቆዳ መንካቱ በቂ ነው። ጉማሬዎቹ ደግሞ ሲመሽ ሣር ሊግጡ ወደ ዳር ይወጣሉ፤ በእነሱና በውኃው መካከል የተገኘን ሰው አይምሩም። ስለዚህ ከኮንሰርቱ በኋላ በስልክ መብራት ቄጠማው ውስጥ «ትንሽ ንፋስ ልቀበል» አይባልም። ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት እጅጌ ረጅም ልብስና ካልሲ ያድርጉ፣ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ይቀቡ። አሣ መብላት ካማረዎት ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሣ ገበያ አሞራ ገደል ሄደው በደንብ የተጠበሰ ቆሮሶ ይብሉ። ጥሬውን ለሌላ ቀን ያቆዩት፤ ሜዳ ላይ ሆድ ከታወከ ያሉት መጸዳጃዎች ጥቂት ናቸው። ውኃ ለአንድ ሰው 2 ሊትር ይያዙ።

ዝናብ ሲመጣ መድረኩ ሥር መጠለል

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያም በክረምት፣ ከሰዓት በኋላ ድንገት ሊወርድ ይችላል። ጃንጥላ የኋላውን ሰው ይጋርዳል፤ የላስቲክ ዝናብ ልብስ ይሻላል። ነፋስ ሲነሣ በእግር ላይ ከቆሙ ስፒከሮች ቢያንስ ቁመታቸውን ያህል ይራቁ። መብረቅ ካለ ዛፍ ሥርም የመድረኩ ብረት አጠገብም አይቁሙ፤ መኪና ወይም ሕንፃ ውስጥ ይግቡ።

«እረዳችኋለሁ» ብሎ መጥፋት

ስም አስመዝግቦ የቀረ ሰው ካልተመዘገበው ይበልጥ ይጎዳል፤ በር ላይ ቦታው ተይዞለት ነበርና። ሙሉ ቀን ካልቻሉ ሁለት ሰዓት ብቻ ይውሰዱ፤ ከቀሩም ከአንድ ቀን በፊት ይናገሩ። ሰው የሚያንሰው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፤ ለመትከል ሃያ ሰው ይመጣል፣ ለማፍረስ አምስት። ሲያግዙ የማይክ ገመድ በክንድዎና በመዳፍዎ ዙሪያ አይጠቅልሉ፤ እያንዳንዱ ዙር ውስጡን ይጠመዝዘውና ከጥቂት ፌስቲቫል በኋላ ይበጠሳል። አንዱን ዙር ከላይ፣ ቀጣዩን ገልብጠው ከሥር እያደረጉ ይሰብስቡት። ካልገባዎት ገመዱን ለሚያውቅ ትተው ወንበር ይሸከሙ።