«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወይዘሮ ጥሩአይነት አንደበት እንዴት እንተርከው?

የታወቀን የፍቅር ልብ ወለድ በሌላ ገጸ ባሕርይ አንደበት መልሶ መተረክ «እሱ» የሚለውን «እኔ» በሚለው መተካት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሥራው ግን የሚጀምረው አዲሱ ተራኪ የማያውቀውን ነገር ከመለየት ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለዚህ ልምምድ የመረጥሁት ታሪኩን አብዛኛው አንባቢ ስለሚያውቀው፣ ተራኪው የሚስተውን ነገር አንባቢው ራሱ እየሞላ ስለሚሄድ ነው።

ተራኪ ሲመረጥ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው የዘመኑን ልማድ በግልጽ ወደሚነቅፈው ገጸ ባሕርይ፣ ወደ ጉዱ ካሳ ነው። እኔም በመጀመሪያው ሙከራዬ እሱኑ መርጬ ሃያ ገጽ ያህል ከጻፍሁ በኋላ ጣልሁት፤ ጉዱ ካሳ በልቡ ያለውን ሁሉ በመጽሐፉ ውስጥ ተናግሮ ስለጨረሰ ለእኔ የተረፈኝ መድገም ብቻ ነበር። የሰብለ ወንጌል እናት ወይዘሮ ጥሩአይነት ግን ከሰብለ ጋር በፍቅር የሚወድቀው መምህሯ በዛብህ እሷን ለማስተማር በሚመላለስበት ቤት እመቤት ሆነው ሳለ፣ ስለሆነው ነገር ያሰቡትን የምናውቀው በጥቂቱ ነው።

ተራኪዋ ከተመረጡ በኋላ መጽሐፉን እንደገና እያነበቡ እሳቸው ያሉበትን ገጽ ሁሉ በእርሳስ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያም በደብተር ላይ ያዩትን፣ በወሬ የሰሙትንና ፈጽሞ ሊያውቁት የማይችሉትን ለየብቻ መጻፍ ያስፈልጋል። አዲሱ ትረካ የሚበቅለው ከሦስተኛው ረድፍ ነው። የትምህርቱን ሰዓት እንውሰድ፦

«ሰብለ ስታነብ ድምፅዋ እስከ ጓዳ ይሰማኝ ነበር። ያን ዕለት የጠጁን ጋን ሳስከድን ንባቡ ተቋረጠ። ፊደሉ ጠፍቷት ይሆናል ብዬ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ጋኑ ተከድኖ አለቀ፤ ንባቡ ግን አልተመለሰም።»

እዚህ ላይ «ፍቅር» የሚል ቃል የለም፤ ወይዘሮዋም አልጠረጠሩም። «ልቤ አንድ ነገር ነገረኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብጨምርበት ኖሮ በእሳቸው አለማወቅና በአንባቢው ማወቅ መካከል ያለው ውጥረት በዚያው ይሞት ነበር።

የድርጊቶቹን ቅደም ተከተልና ውጤት መንካት አይገባም፤ የሚለወጠው ትርጉማቸው ነው። ቋንቋው ግን ከሁሉ ይበልጥ ያስቸግራል። ብዙዎቻችን መጽሐፉን በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ስለሰማነው፣ ሳናውቀው የእሱን አጣጣል እንከተላለን። ስለዚህ የተጻፈውን ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብና ጎጃም ውስጥ በመኳንንት ቤት የኖረች እመቤት ባሏን፣ ልጇንና አገልጋዮቿን በምን በምን አጠራር እንደምትለይ ዐዋቂ አረጋዊት መጠየቅ ይበጃል።

ለማሳተም ያሰበ ሰው ደግሞ አስቀድሞ የመብቱን ባለቤቶች ፈቃድ መጠየቅ አለበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሐዲስ ያረፉት ዐዋጁ በወጣበት በዚያው በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ጥበቃው ቢያንስ እስከ 2046 ዓ.ም. ይዘልቃል። በደብተር ላይ ለራስ መለማመድን ግን የሚከለክል የለም፤ የእኔዋ ወይዘሮ ጥሩአይነትም እስካሁን ያሉት እዚያው ነው።